«የት?» የሚለው ጥያቄ፦ አቃቂና ወንዟ

ዜና አጻጻፍ ስንማር ከሚነገሩን ስድስት ጥያቄዎች መካከል እንደ «የት?» የተናቀ ያለ አይመስለኝም። «ማን?» ስምና ማዕረግ ይሰጠዋል፣ «ለምን?» ክርክር ይነሣበታል፤ «የት?» ግን ሁለት ሦስት ቃል ተወርውሮለት ይታለፋል። «በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ» ይባላል፣ በቃ። እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚያው አቃቂ ስለሆነ ይህች ሐረግ በሬዲዮ ስትነበብ ጆሮዬ ይቆማል። ተከትሎ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ወይ ጎርፍ ነው ወይ የፋብሪካ ቃጠሎ። ጎርፉ ለምን እኛ ጋ እንደሚደርስ፣ ፋብሪካውስ ድሮውኑ ለምን እኛ ጋ እንደተተከለ ግን አይነገርም።

ይህ ጽሑፍ የአቃቂን ታሪክ ከመልክዐ ምድሯ ጋር አያይዞ ለማየት የተደረገ ሙከራ ነው። ሐሳቤ ባጭሩ ይህ ነው፤ አቃቂን አቃቂ ያደረጋት ከአዲስ አበባ በታች መሆኗ ነው። ሠፈሯን የጠቀማትም የጎዳትም ይኸው አንድ ነገር ነው። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ያስቀመጥኩት መዛግብቱ በአብዛኛው እንደዚያ ስለሆኑ ነውና አንባቢ ግር እንዳይለው።

ቁልቁለቱ

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ አቃቂ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ልብ ብሎ ከሆነ ጉዞው በጠቅላላው ቁልቁል ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖረው አቃቂ ግን ወደ 2,100 ሜትር ዝቅ ትላለች። አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ልዩነት በአንድ ከተማ ውስጥ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ጠዋት ሹራብ ለብሼ ወደ ትምህርት ቤት የምወጣው፣ ማታ ስመለስ ደግሞ በክንዴ ይዤው የምገባው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሰው በአውቶቡስ የሚሄድበትን ቁልቁለት ውሃው በራሱ ይሄድበታል። አቃቂ የሚባሉት ወንዞች ሁለት ናቸው። ትንሹ አቃቂ ከከተማው ሰሜን ምዕራብ፣ ከገፈርሳ በኩል ተነሥቶ በመካኒሳና በላፍቶ አድርጎ በቃሊቲ በኩል ይወርዳል። ትልቁ አቃቂ ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከለገዳዲ በኩል ይመጣና ቀበናን ከነገባሮቹ ጨምሮ በአቃቂ ከተማ ድልድይ ሥር ያልፋል። ሁለቱ የሚገናኙት ከአቃቂ በስተደቡብ ባለው በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ነው። ከዚያ ወደ አዋሽ፣ አዋሽም ቆቃን አልፎ እስከ አፋር። አዋሽ ባሕር እንደማይደርስ በአራተኛ ክፍል ተምረነዋል፤ ታዲያ ከአዲስ አበባ የወረደ ነገር ሁሉ አገር ውስጥ እንደሚቀር ያኔ አስቦ የጠየቀ ተማሪ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

እንግዲህ አቃቂን በዚህ ካርታ ላይ አስቀምጧት። የቀበና ልብስ አጣቢ፣ የቄራ ደም፣ የመርካቶ ቱቦ፣ የጋራዥ ዘይት፣ ሁሉም ሲወርድ መጨረሻው እኛው ዘንድ ነው።

ከባቡሩ በፊትና በኋላ

አካባቢው ከተማ ከመሆኑ በፊት የቱለማ ኦሮሞ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች መሬት ነበር። ስሞቹ ዛሬም ይመሰክራሉ፤ ገላን የጎሣ ስም ነው፣ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ በኦሮምኛ ቀይ ጉብታ ማለት ነው። ጉብታው በእውነትም ቀይ ነው። ለመንገድ ድልዳሎ በገልባጭ መኪና የሚጫነው ያ ቀላል ቀይ ጠጠር የጥንት እሳተ ገሞራ የተፋው ነው። ይህን ጠጠር አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ የገባው በ1902 ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራው ቆም ቀጠል እያለ ሐዲዱ አቃቂ የደረሰው በ1915 ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ስናያቸው አንድ ነገር ይታየናል። ለሁለት ዓመት ገደማ የባቡሩ ጫፍ አቃቂ ነበረች። ሰውም ዕቃም እዚያ ይወርድና ቀሪውን ዳገት በእንስሳት ጀርባ ይወጣው ነበር። ስለ ለገሃር ብዙ ተጽፏል፤ ስለ አቃቂ ጣቢያ ግን ሲጻፍ ብዙም አላየሁም።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ ሌላ የሚያኮራ ነገር አለ። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ታሪክ የሚጀምረው አቃቂ ላይ ነው። አንሳልዶ የሚባለው የጣሊያን ኩባንያ የሠራው ጣቢያ በ1935 ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ንጉሠ ነገሥቱ የጣሊያንን ወረራ ዝግጅት ለአሜሪካ አድማጮች የተናገሩት በዚሁ ጣቢያ በኩል ነው። ጣሊያን በሠራው ማሠራጫ ጣሊያንን መክሰስ ማለት ነው! ስለ ማርኮኒ ለፈተና ስናጠና እናድራለን፤ በአንበሳ አውቶቡስ ስለሚደረስበት ጣቢያ ግን በደንብ የምናውቅ አይመስለኝም።

በዚያው በ1930ዎቹ የአባ ሳሙኤል ግድብ ሥራ መጣ። የአገሪቱ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የሚባለው ይህ ነው። ኃይሉ 6.6 ሜጋ ዋት ነው፤ ዛሬ ካሉት ግድቦች ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም፣ ያኔ ግን ብዙ ነበር። በደለልና በእርጅና ምክንያት ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ በ2016 በቻይና እርዳታ ታድሶ እንደገና ሥራ ጀምሯል።

ፋብሪካውና ፊሽካው

ሐዲድ አለ፣ የደብረ ዘይት መንገድ አለ፣ መሬቱ ሜዳ ነው፣ ወንዙም ቅርብ ነው። ፋብሪካ ተካይ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? ወንዝ ለፋብሪካ ሁለት ጊዜ ያገለግላል፤ አንዴ ውሃ ሲያስገባ፣ አንዴ ውሃ ሲያስወጣ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የሕንዱ የቢርላ ኩባንያ የተሳተፈበት የኢንዶ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ አቃቂ ላይ ተቋቋመ። ከዚያም ሌሎች የብረታ ብረት፣ የምግብና የቆዳ ሥራዎች በአቃቂና በቃሊቲ መንገድ ግራና ቀኝ ተደረደሩ። በ1975 ደርግ ትልልቆቹን ፋብሪካዎች ወረሰ፤ በ1989 ደግሞ ዛሬ አቃቂ ቤዚክ ሜታልስ የሚባለው የመለዋወጫ ፋብሪካ ተጨመረ።

አያቴ ከእነዚህ ፋብሪካዎች በአንዱ ክር ማጠንጠኛ ላይ ሠርታለች። ከጎጃም የመጣች፣ ከወላይታ የመጣች፣ ከሰላሌ የመጣች ሴት እኩል አንድ ማሽን ሥር ትቆም እንደነበር ትነግረናለች። ሠፈራችን የተሠራው እንደዚያ ነው፤ በፈረቃ። የጠዋት ፈረቃ፣ የከሰዓት ፈረቃ፣ የሌሊት ፈረቃ። በየቤቱ ሰዓት አልነበረም፣ ፊሽካ ነበር። ቡና የሚጣደው በፊሽካው ነው፣ ልጅ ከጨዋታ የሚጠራው በፊሽካው ነው፣ ዕድር እንኳ የሚሰበሰበው ፈረቃ ታይቶ ነበር ይላሉ። አሁን እኔ በማውቀው አቃቂ «ፈረቃ» ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው የቧንቧ ውሃን ነው። ቃሉ ከማሽን ወደ ጀሪካን ተዛውሯል።

ውሃው ወዴት ነው የሚሄደው?

ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። አዲስ አበባ የምትጠጣው ከየት ነው? በ1940ዎቹ የተሠራው ገፈርሳ ያለው በትንሹ አቃቂ ራስጌ ነው። በ1970 የተሠራው ለገዳዲና በ1999 የተጨመረው ድሬ ያሉት በትልቁ አቃቂ ራስጌ ነው። ይኸው ወንዝ ነው ማለት ነው! ከተማው የአቃቂን ወንዝ ገና ንጹሕ ሳለ ከራሱ ላይ ይጠጣዋል፤ ከዚያ በወገቡ ላይ ቆሻሻውን ይደፋበታል።

ግድቦቹ አልበቃ ሲሉ ደግሞ ከተማው ወደ ወንዙ ግርጌ ወረደ። እዚህ ጋ ነው ያ ቀይ ጠጠር የሚመጣው። ጠጠሩና ከሥሩ ያለው የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ባዶ ቦታው ብዙ ስለሆነ ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ውጦ ያስቀምጠዋል። በዚህ ምክንያት ከአቃቂ በስተደቡብ ያለው መሬት ትልቅ የከርሰ ምድር ውሃ ማከማቻ ሆኖ ተገኘና ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩበት። ከእነዚያ ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ በፓምፕ ዳገቱን እየተገፋ ወደ ከተማው ይሄዳል። ፍሳሹ በነፃ ይወርዳል፣ ውሃው በመብራት ኃይል ይወጣል። የአንድ ከተማና የዳር ሠፈሩን ግንኙነት ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር እኔ አላገኘሁም።

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ ምንም አልተሠራም ማለት አይቻልም። ቃሊቲ ላይ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የፍሳሽ ማጣሪያ አለ፤ በ2018ም በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ማጣራት የሚችል አዲስ ማጣሪያ ሥራ ጀምሯል። ችግሩ ማጣሪያ የሚያጣራው በቱቦ የደረሰለትን ብቻ መሆኑ ነው። የከተማው ብዙ ቤት ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም፤ ጉድጓዱ ሲሞላ ወይ ሲያፈስ መንገዱ የታወቀ ነው፣ ወደ ወንዝ።

ከ2019 ወዲህ ደግሞ የወንዝ ዳርቻዎችን የማስዋብ ፕሮጀክት አለ። እቅዱ ከእንጦጦ ተነሥቶ እስከ አቃቂ የሚወርድ ነው። ሥራው ከላይ መጀመሩ በአንድ በኩል ልክ ነው፤ ወንዝ የሚጸዳው ከራሱ ነውና። በሌላ በኩል ግን እኛ ታች ያለነው ለውጡን የምንለካው በአበባው ሳይሆን በሽታው ነው።

ቆስጣ የሚተክለው ሰው

ስለ አቃቂ ወንዝ በጣም የሚጻፈው ስለ አትክልት ነው። በሁለቱም ወንዞች ዳር ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመንና ድንች በወንዙ ውሃ ይለማል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችን ጨምሮ ብዙ ባለሙያዎች በአፈሩና በቅጠሉ ውስጥ እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ብረቶችን ለክተዋል። ቅጠላ ቅጠል ከሥራ ሥር የበለጠ እንደሚያሳስብም ተደጋግሞ ተጽፏል። አደጋው እውነት ነው፤ እኔም ልሸፋፍነው አልፈልግም።

የሚከነክነኝ አቀራረቡ ነው። ዜናው «በተበከለ ውሃ አትክልት የሚያለሙ ግለሰቦች» ብሎ ይጀምራል። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ገበሬው ሆነ። ውሃውን የበከለው ግን በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም፤ «የተበከለ» ብቻ ተብሎ፣ በማን እንደተበከለ ሳይነገር ታለፈ። ሰዋስው ስንማር ተገብሮ ግሥ አድራጊውን ይደብቃል ያሉን እንዲህ ያለውን ነው። በሠፈራችን ያሉ አንድ አትክልተኛ ሽማግሌ ስለዚህ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ውሃውን አላመጣሁት፣ እሱ ነው የመጣብኝ» አሉኝ። አባታቸው በዚያው መሬት ላይ በዚያው ወንዝ ያርሱ ነበር፣ ያኔ ወንዙ ይጠጣ ነበር። ገበሬው በሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ያለ ሰው ነው፤ ካሜራው የሚቀርበው ግን እሱ ጋ ነው፣ ምክንያቱም አጥርና ዘበኛ የለውም።

ድንበር

ወንዙን ለመጠበቅ የሚያስቸግረው ሌላው ነገር አስተዳደሩ ነው። አቃቂ ለብዙ ዘመን በራሷ ማዘጋጃ ቤት የምትተዳደር ከተማ ሆና ቆይታ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ተጠቃለለች፤ በ2003 ክፍለ ከተሞች ሲዋቀሩ አቃቂ ቃሊቲ ተባለች። በ2007ቱ ቆጠራ የክፍለ ከተማው ሕዝብ ከ180 ሺህ በላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ የእርሻ መሬቱ ኮንዶሚኒየም ሆኗል፣ በ2014 የአዳማው ፈጣን መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቷል። የኮየ ፈጬ ቤቶች ዕጣ በ2019 ሲወጣ ተቃውሞ መቀስቀሱም የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው፤ መሬቱ የማን ነበር የሚለው ጥያቄ ገበሬው ከተነሣ በኋላም አልተነሣም። አሁን የወንዙ ራስ ኦሮሚያ ውስጥ ነው፣ ወገቡ አዲስ አበባ፣ አባ ሳሙኤልም እንደገና ኦሮሚያ። ውሃው ድንበሩን ሁለቴ ይሻገራል፣ ደብዳቤ ግን እንደ ውሃ አይፈስም።

አባ ሳሙኤል ላይ ዛሬ የሚታየው እምቦጭ ነው። እምቦጭ አገራችን ውስጥ በ1960ዎቹ አጋማሽ ቆቃና አዋሽ ላይ የታየ ሲሆን የሚወደው በፍሳሽ የዳበረ ውሃ ነው። ስለ ጣና እምቦጭ ያልሰማ ሰው የለም፤ ከዋና ከተማው አፍንጫ ሥር ስላለው ግን ወሬው ጥቂት ነው።

እኔና ሁለት የክፍል ጓደኞቼ በዚህ የሴሚስተር ዕረፍት ትንሹን አቃቂ ከገፈርሳ እስከ አባ ሳሙኤል ተከትለን ለመሄድ አስበናል። ርዝመቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በሦስት ቀን ከፋፍለነዋል። በየድልድዩ ቆመን ውሃውን ፎቶ እናነሣለን፣ በየዳርቻው ያሉትንም ሰዎች «ይህ ውሃ ከእናንተ በኋላ የት ይሄዳል?» ብለን ድምፃቸውን እንቀዳለን። ኦሮምኛ የሚችል አንድ ሰው ይጎድለናል፤ ፈቃደኛ የሆነ ከፈተና በፊት ያነጋግረን። ቦቲ ጫማ ይዞ ይምጣ።