ቀረፋ ውስጥ ምን አለ?

በዊንጌት ሰፈር ሻይ ሲፈላ የቀረፋው ሽታ ደጅ ድረስ ይሰማል። ታዲያ ያ ሽታ ከምን ይመጣል? የዛሬው ትምህርታችን ይኸው ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እናንብብ፦ ቀ - ረ - ፋ። «ቅርፊት» ከሚለው ቃል ጋር አስተያዩት። ቀረፋ እውነትም የዛፍ ቅርፊት ነው፤ ተልጦ ሲደርቅ ይጠቀለላል።

ቅርፊቱ ዘይት አለው። ዘይቱ የሚወጣው እንደ አረቄ ነው። ቅርፊቱ በውሃ ይፈላል፤ እንፋሎቱ በቧንቧ አልፎ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከውሃው ይለያል። ለሳሙና፣ ለሽቶና ለከረሜላ ይሆናል።

በዘይቱ ውስጥ ዋናው ንጥረ ነገር ሲናማልዴሃይድ ይባላል። ሽታውና ምላስ የሚያቃጥለው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1834 ዱማና ፔሊጎ የተባሉ ፈረንሳውያን ለይተው አወጡት። ከቅጠሉ ደግሞ ዩጀኖል ይገኛል፤ ቅርንፉድም ውስጥ ያለው ይኸው ነው። የጥርስ ሐኪሞች ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ለውሰው ጥርስን ለጊዜው ይደፍኑበታል።

ሦስተኛው ኩማሪን ነው። ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ የተደራረበው የሲሎን ቀረፋ ኩማሪኑ ጥቂት ነው። ወፍራምና ጠንካራ የሆነው ካሲያ ግን ብዙ አለው። የአውሮፓ የምግብ ባለሙያዎች ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን ከ0.1 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወስነዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 6 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ሻይ ውስጥ የምትገባ ቁራጭ አታስፈራም፤ በየቀኑ አንድ የሻይ ማንኪያ የካሲያ ዱቄት መዋጥ ግን ከዚህ ልክ ሊያልፍ ይችላል።

«ቀረፋ ስኳር በሽታን ያድናል» የሚሉ አሉ። አያድንም! ክኒኑን ወይም ኢንሱሊኑን ትቶ ቀረፋ የሚጠጣ ሰው ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል። ጉበቱን የታመመም ዱቄቱን ከመውሰዱ በፊት ጤና ጣቢያ ወይም እዚሁ ጉለሌ ያለውን ጳውሎስ ሆስፒታል ይጠይቅ።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የተፈጨ ቀረፋ በገባበት የሕፃናት የፖም ምግብ ውስጥ እርሳስ ተገኘ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሕፃናት፣ ተጎዱ። እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ በዓይንም በአፍንጫም አይለይም። ስለዚህ መርካቶ ስትወርዱ ቀረፋውን ሳይፈጭ ግዙ፤ ቤታችሁ ውቀጡት። ባዕድ ዱቄት ለመቀላቀል የሚመቸው የተፈጨው ነው።

ጥያቄዎች፦
1. የቀረፋ ሽታ ከየትኛው ንጥረ ነገር ይመጣል?
2. ቤታችሁ ያለው ስሱ ነው ወይስ ወፍራሙ?
3. የስኳር ሕመምተኛ ጎረቤት ቢኖራችሁ ምን ትመክሩታላችሁ?

መልሱን ጻፉ። ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁም አንብቡለት።