ከደብረ ብርሃን የሚያንሰው ትልቅ ተራራ

ዓምድ፦ ጂኦግራፊና ጉዞ
አዘጋጅ፦ የ7ኛ ክፍል ተማሪ፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል

ባለፈው ክረምት ከእናቴ ጋር ኖርዌይ የምትኖረው አክስቴ ዘንድ ሄጄ ሦስት ሳምንት ቆይቼ መጥቻለሁ። አክስቴ ከአገር ስትወጣ እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ መልኳን የማውቀው በስልክ ነበር። ያየሁትን ከትምህርታችን ጋር እያገናኘሁ አቀርብላችኋለሁ። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ የማርመው ነገር አለኝ። እሱን ሳታነቡ እንዳታልፉ።

1. ቦታው የት ነው?

ኖርዌይ በሰሜን አውሮፓ የምትገኝ አገር ስትሆን ዋና ከተማዋ ኦስሎ ናት። የአክስቴ መንደር ሎም ይባላል። ከኦስሎ በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። መንገዱ ጉድብራንስዳል የሚባለውን ረጅም ሸለቆ ተከትሎ ይወጣል። በእነሱ ቋንቋ "ዳል" ማለት ሸለቆ ነው። ግራና ቀኝ ተራራ፣ መሃል ላይ ወንዝ፣ ወንዙ ዳር እርሻና የእንጨት ቤቶች ይታያሉ። አክስቴ የምትሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው።

እዚያ አገር "አንቱ" የሚባል ነገር ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ጎረቤቷ የሰማንያ ዓመት አሮጊት ናቸው፤ ትንሽ ልጅ እንኳ በስማቸው ይጠራቸዋል። እኔ ግን አፌ እምቢ አለኝ። እስክመለስ ድረስ በስማቸው ሳልጠራቸው ቀረሁ።

2. ከፍታ ብቻውን አይበቃም

ሎም ከባሕር ወለል በላይ 400 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። በእኛ አገር 400 ሜትር ማለት የለየለት በረሃ ነው፤ ላብ ያጠምቃል። ሎም ግን ታኅሣሥና ጥር ላይ በረዶ ለብሶ ይከርማል።

ከመንደሩ በላይ የኖርዌይ ትልቁ ተራራ አለ፤ ስሙ ጋልሆፒገን ነው። ቁመቱ 2469 ሜትር ነው። እስቲ አስቡት፣ ደብረ ብርሃን ከ2800 ሜትር በላይ ናት! ማለት እኛ የሰልፍ ሜዳችን ላይ ቆመን ከኖርዌይ ትልቁ ተራራ እንበልጣለን። ታዲያ እዚያ በሐምሌ እንኳ የማይቀልጥ በረዶ ያለው፣ እኛ ጋ ውርጭ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው?

መልሱ ኬክሮስ ነው። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ከላይ ቀጥ ብላ ታሞቀናለች። ሎም ግን ወደ 62 ዲግሪ ሰሜን ስለሚጠጋ ፀሐይዋ ወደ ጎን ታዘነብላለች፤ ሙቀቷም ይበተናል። ስለዚህ ደጋ ወይም ቆላ ለማለት ከፍታን ብቻ ማየት አይበቃም።

ሰዓቱም ግራ ያጋባል። በሐምሌ ማታ አምስት ሰዓት ላይ ያለ መብራት መጽሐፍ አንብቤያለሁ። አያቴ ደውላ "መሸ ወይ እናንተ ጋ?" ስትለኝ ምን ብዬ እንደምመልስ ጠፋኝ። በታኅሣሥ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቀኑ ስድስት ሰዓት አይሞላም። አክስቴ "የመጀመሪያው ዓመት ላይ በጨለማ ወጥቼ በጨለማ ስገባ አለቅስ ነበር" ብላ ነገረችኝ። በስልክ ሁልጊዜ እየሳቀች ስለምታወራን ይህን እናቴም አታውቅም ነበር።

3. ውኃ፣ ቤትና ምግብ

ሎም አካባቢ ዝናብ ጥቂት ነው። ከውቅያኖስ የሚመጣውን ደመና በምዕራብ በኩል ያሉት ተራሮች ያስቀሩታል። ይህ የዝናብ ጥላ ይባላል። ገበሬዎቹ ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። ከጥንት ጀምሮ ከተራራ የሚወርደውን ውኃ በቦይ እየመሩ ማሳቸውን ሲያጠጡ ኖረዋል።

የድሮ ቤቶቻቸው ጣሪያ ላይ ሣር ይበቅላል። መጀመሪያ ውኃ የማያሳልፍ የበርች ዛፍ ልጥ ይነጠፋል፣ ከዚያ አፈርና ሣር ይለበሳል። ጎተራም አላቸው። አይጥ እንዳይገባ ከመሬት ከፍ አድርገው በእግር ያቆሙታል፤ ሳየው የአያቴን ጎተራ አስታወሰኝ። በመንደሩ መሃል በ12ኛው መቶ ዘመን የተሠራ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን አለ። እስከ ዛሬ ይቀደስበታል። እንጨቱ እንዳይበሰብስ ከጥድ የወጣ ጥቁር ቅባት ይቀቡታል።

በበጋቸው ላምና ፍየል ወደ ተራራ ግጦሽ ይወጣል። እዚያ ባለች ትንሽ ቤት ወተቱ ይታለባል፣ ቅቤና አይብ ይሠራል። ታች ያለው ሣር ደግሞ ታጭዶ ለብርዱ ወራት ይቀመጣል። ይህን ልማድ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2024 የኖርዌይና የስዊድን የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ቡናማ አይብም አላቸው። አጓቱን ለረጅም ሰዓት ሲያፈሉት ጣፋጭና ቡናማ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1863 አነ ሆቭ የምትባል የዚያው ሸለቆ ሴት ክሬም ጨምራበት አሁን የሚታወቀውን ዓይነት ሠራች። እኔ መጀመሪያ ቸኮሌት መስሎኝ ትልቅ ቁራጭ ጎርሼ ነበር!

4. ባለሱቅ የሌለው ሱቅ

አንድ ቀን በእግር ሄደን ተራራ ላይ ባለች የእንግዳ ጎጆ አደርን። የኖርዌይ የተጓዦች ማኅበር በ1868 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ሲሆን ከ500 በላይ እንዲህ ያሉ ማደሪያዎች አሉት። ያደርንባት ጎጆ ጠባቂ የላትም። ቁም ሣጥን ሙሉ ምግብ አለ፣ ፍራሽ አለ፣ የተፈለጠ እንጨት አለ። የተጠቀመ ሰው የወሰደውን ራሱ ጽፎ ይከፍላል፣ ቤቱን ጠርጎ፣ ለሚቀጥለው ሰው እንጨት ፈልጦ ይሄዳል።

እኔ አንድ ብስኩት ወስጄ ነበር። "ማንም አላየ" አልኳት አክስቴን። እሷም "አንቺ አየሽ አይደል?" ብላ ብስኩቱን ጻፈችው።

5. የማርመው ነገር

ከመሄዴ በፊት ለክፍሌ ልጆች ከኖርዌይ ትልቁ ተራራ ጫፍ ላይ ድንጋይ አመጣላችኋለሁ ብዬ ነበር። ስመለስም አንድ ድንጋይ ሰጠኋችሁ፤ አሁን የክበባችን መስኮት ላይ ተቀምጧል።

እውነቱ ግን ይህ ነው። ወደ ጋልሆፒገን በጠዋት ወጣን። ከግማሽ በላይ ከሄድን በኋላ ጉም መጣና የፊታችን ምልክት ጠፋን። አክስቴ ቆመችና "እንመለስ" አለች። እኔ አለቀስኩ፣ "ትንሽ ነው የቀረን፣ ቃል ገብቻለሁ" ብዬ ለመንኳት። እሷም ኖርዌዮች ለተራራ ተጓዥ ያወጧቸው ዘጠኝ ሕጎች እንዳሉ ነገረችኝ። ከነሱ አንዱ በጊዜ መመለስ አያሳፍርም ይላል። እጄን ይዛ አወረደችኝ። ድንጋዩን ያነሣሁት ከአክስቴ ቤት በር ላይ ነው።

ስለዚህ ከጫፉ የመጣ ድንጋይ አይደለም፤ እኔም ጫፉ ላይ አልወጣሁም። መመለሱ አላሳፈረኝም፤ ያሳፈረኝ ስመለስ ያወራሁት ነው። ድንጋዩን ካልጣላችሁት "ሎም፣ 400 ሜትር ገደማ" ብዬ እጽፍበታለሁ።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

ሀ. ደብረ ብርሃን ከጋልሆፒገን በላይ ሆና ለምን በረዶ አይለብሳትም?
ለ. የዝናብ ጥላ ምንድን ነው?
ሐ. በሰፈራችሁ ባለሱቅ የሌለው ሱቅ ቢከፈት ምን የሚሆን ይመስላችኋል? መልሳችሁን በክበቡ ሣጥን ውስጥ አስገቡ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!