በነባር የሒሳብ ፕሮግራም ላይ አዲስ ሥራ ከመጨመር አስቀድሞ

ነጋዴ የተረከበውን ሱቅ ዕቃውን ሳይቆጥር ሥራ እንደማይጀምር ሁሉ፤ ሌላ ሰው ባዘጋጀው የኮምፒዩተር የሒሳብ ፕሮግራም ላይም አዲስ ነገር ከመጨመር አስቀድሞ ነባሩን አሠራር መርምሮ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛ፤ የመዝገቡን ቅጂ ወስዶ ሙከራውን ሁሉ በቅጂው ላይ ብቻ ማድረግ ነው።

ሁለተኛ፤ አንድ ደረሰኝ መርጦ መንገዱን መከተል ነው። ለምሳሌ ዋጋው 1,000 ብር የሆነ ዕቃ በዱቤ ቢሸጥ፤ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ፤ ማለት 150 ብር፤ በየትኛው ሒሳብ እንደሚያርፍ፤ 1,150 ብሩ በገዢው ዕዳ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ፤ ዕቃውም ከመጋዘኑ ቁጥር መቼ እንደሚቀነስ ተራ በተራ ጽፎ መያዝ ነው።

ሦስተኛ፤ ትርፍ የሚመስለውን ለመሰረዝ አለመቸኮል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በ2015 ዓ.ም. ወርኃዊ የሽያጭ መግለጫ ሲያስጨምር፤ «13» የሚለው የወር ቁጥር ስሕተት መስሎት አስወጣው። በዚያ ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች፤ የስድስቱም ቀን ሽያጭ ከመግለጫው ቀርቶ ድምሩ ከደረሰኞቹ ጋር ሳይስማማ ተገኘ። ደረሰኝ መዝጋቢውም ያለ ጥፋቱ ሊወቀስ ነበር።

ስለዚህ ምክንያቱ ያልታወቀውን መስመር አለመንካት፤ ጭማሪው ካለቀ በኋላም ያንኑ ደረሰኝ በቅጂው ላይ ዳግመኛ አሳልፎ የቀድሞው ውጤት እንዳልተለወጠ ማረጋገጥ ይገባል።