ሙኪሞ ከ«ኤ ግሬይን ኦፍ ዊት» ጋር፦ የበቆሎ እሸት ሲደርስ የሚነበብ ልብ ወለድ

በሐምሌና በነሐሴ የናይሮቢ ሰማይ ይደፈናል፤ ቤት ውስጥ እንኳ ሹራብ አይወልቅም። መንገድ ዳር በቆሎ በከሰል ይጠበሳል፤ ሻጯ ግማሽ ሎሚ በሚጥሚጣ ነክራ ታሽበታለች። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ሽታው የክረምት ነው። መጽሐፍና ድስት ለማጣመር ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም።

ብዙ ሰው ታሪካዊ ልብ ወለድን ከምግብ ጋር ሲያጣምር ገጸ ባሕርያቱ የበሉትን ያስሳል። እኔ ግን የምጠይቀው ሌላ ነው፦ መጽሐፉ የሚያወራው ስለ የትኛው መሬት ነው? ያ መሬት በዚህ ወር ምን አደረሰ?

1. መጽሐፉን ምረጡ። ሊሙሩ አጠገብ የተወለደው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ «ኤ ግሬይን ኦፍ ዊት» (የስንዴ ቅንጣት) የተባለውን ልብ ወለድ በ1967 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ታሪኩ የሚያጠነጥነው በታኅሣሥ 1963 እ.ኤ.አ. የኬንያ ነጻነት ዋዜማ ላይ ሲሆን፣ ወደ ኋላ ተመልሶ በ1952 እ.ኤ.አ. የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ ዘመን ይተርካል። ያኔ እንግሊዞች የኪኩዩን ሕዝብ በቦይና በአጥር በተከበቡ መንደሮች አሰፈሩት፤ በሰዓት እላፊ ምክንያት እርሻው ራቀ፣ ረኃብ ገባ። ሙኪሞ በቆሎ፣ ድንች፣ አተርና ቅጠል ተቀቅሎ የሚደፈጠጥበት የኪኩዩዎች ምግብ ነው፤ ድስታችሁ ውስጥ የሚገባው በቆሎና ድንች በዚሁ የኪኩዩ ምድር የሚበቅል ነው።

2. ቀኑን ቁረጡ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት በሚጥለው ዝናብ የበቀለው በቆሎ በዚህ ሰሞን ይደርሳል። ይህ ሙኪሞ ያለ ቅቤ በዘይት ስለሚሠራ ከነሐሴ 1 በሚጀምረው የፍልሰታ ጾምም ይበላል። እንግዶቻችሁ መጽሐፉን አንብበው እንዲመጡ ሦስት ሳምንት ስጧቸው።

3. ገበያ ውጡ። ለ6 ሰው፦ 4 ራስ በቆሎ፣ 1 ኪሎ ድንች፣ 2 ኩባያ የአተር እሸት፣ 1 እስር የዱባ ቅጠል፣ 1 ትልቅ ሽንኩርት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨው። ድንቹን በኪኩዩኛ «ዋሩ»፣ አተሩን «ሚንጂ» ብላችሁ ጠይቁ። የበቆሎውን ፍሬ በጥፍር ጫን አድርጉት፤ ወተት ከረጨ ለጥብስ ይሁን። ለሙኪሞ የሚሆነው ትንሽ የጠናው ነው።

4. አብራችሁ ፈልፍሉ። የሁሉም እጅ ሥራ ሲይዝ አንድ ሰው የልብ ወለዱ ወጣቶች በሩንጌይ ባቡር ጣቢያ የሚሰባሰቡበትን ክፍል ያንብብ። የዱባውን ቅጠል አገዳ ስበር አድርጋችሁ ክሩን ወደ ታች ሳቡት፤ ካልተላጠ ጥርስ ውስጥ ይገባል።

5. በተራ ቀቅሉ። በቆሎውን ብቻውን፣ ክዳን ገጥማችሁ፣ እስኪለሰልስ 45 ደቂቃ ያህል ቀቅሉ። ይህ ረጅሙ ጊዜ ነው፤ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ የሆነው ጊኮንዮ ከስድስት ዓመት እስር በኋላ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን ምዕራፍ አንብቡበት። ከዚያ ድንቹንና አተሩን ለ20 ደቂቃ፣ በመጨረሻ የተከተፈውን ቅጠል ለ5 ደቂቃ ጨምሩ። ውኃውን አጥልሉት፤ ግን አትድፉት።

6. ደፍጥጡ። ድንቹና ቅጠሉ ተዋሕደው አረንጓዴ እስኪሆኑ በእንጨት ደፍጥጡ፤ የበቆሎው ፍሬ ሳይፈርስ ይቅር። ከጠጠረ ያጠለላችሁትን ውኃ ጠብ አድርጉ። በዘይት የቁላላችሁትን ሽንኩርትና ጨው ጨምራችሁ አማስሉ። ሚጥሚጣው በጎን ይቅረብ፤ የመጀመሪያው ጉርሻ ግን እንዲሁ ይቀመስ።

7. ሙጎን ለማዕድ አቆዩት። ዝምተኛው ገጸ ባሕርይ ሙጎ የተሸከመውን ምስጢር ድስቱ ሳይወጣ አታንሱ፤ ክርክሩ ከተጀመረ የሚያማስል ሰው አይገኝም። ሁሉም ከበላ በኋላ «ሐራምቤ» የተባለውን የመጨረሻ ምዕራፍ አንብቡ። ቃሉ ተባብሮ መሳብ ማለት ነው፤ ምዕራፉ ግን የሚያወራው ስለተጣሉ ባልና ሚስት ነው። «ታዲያ ለምን ይህን ስም ሰጠው?» ብላችሁ ጠይቁ።

የተረፈውን ሙኪሞ በማግስቱ መጥበሻ ላይ ጠርዙ እስኪቀላ አሙቁትና ከሻይ ጋር ብሉት። ማታ ያልተቋጨው ክርክርም አብሮ ይሞቃል።