የወር አበባ ሊመጣ ሲል፦ ሕመሙን በቤት ውስጥ ለማቅለል ደረጃ በደረጃ የሚሠራ መመሪያ

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በጌዴኦ፣ ኮንጋ በሚገኙ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ሥራ ይበዛል። ሴቶች ቡናው በተሰጣበት አልጋ ዳር ቆመው፣ ወገባቸውን አጎንብሰው፣ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው ሲለዩ ይውላሉ። ከመካከላቸው በወር ውስጥ ለጥቂት ቀናት ሆዷ የሚነፋ፣ ጡቷ የሚጠጥር፣ ራሷን የሚፈልጣት፣ ያለ ምክንያት ሆድ የሚብሳት ሴት አትጠፋም። የወር አበባዋ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ይለቃታል።

ይህ ቅድመ ወር አበባ ሕመም ይባላል። ስንፍናም ክፉ ጠባይም አይደለም። እንቁላል ከወጣ በኋላ የሆርሞኖች መጠን ከፍና ዝቅ ይላል፤ የአንዳንድ ሴቶች አካልና አእምሮ በዚህ ለውጥ ከሌሎቹ ይበልጥ ይነካል።

ብዙዎቻችን ቀድመን የምንጠይቀው "ምን ልጠጣለት?" ብለን ነው። እኔ ግን "መጀመሪያ ቀንሽን እወቂ" እላለሁ። ቀኗን ያላወቀች ሴት የጠጣችው ነገር ይርዳት አይርዳት መለየት አትችልም።

የሚያስፈልጉሽ ነገሮች

• አንድ ደብተርና እስክሪብቶ
• ከጓሮ ወይም ከገበያ፦ ጎመን፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ሙዝ፣ አቦካዶ፣ የዱባ ፍሬ፣ እርጥብ ዝንጅብል
• ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ጠርሙስና ንጹሕ ጨርቅ
• ቢያንስ የሁለት ወር ትዕግሥት

ደረጃ 1፦ ሁለት ዙር መዝግቢ

ደም ያየሽበትን የመጀመሪያ ቀን "ቀን 1" በይው። ከዚያ ጀምሮ የሚቀጥለው የወር አበባ እስኪመጣ ድረስ ማታ ማታ የተሰማሽን ጻፊ፦ የሆድ መነፋት፣ የጡት ሕመም፣ ራስ ምታት፣ ብስጭት፣ ልቅሶ፣ የእንቅልፍ እጦት። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ስጪ። 0 ምንም የለም፣ 1 ቀላል፣ 2 ያስቸግራል፣ 3 ሥራ ያስፈታል ማለት ነው።

የምትቆጥሪው ቀን እንጂ ወር አይደለም። የብዙ ሴቶች ዙር ከ21 እስከ 35 ቀን ይረዝማል። ዓመቱ ሲያልቅ የጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀናት ከቆጠራው እንዳይወድቁ ተጠንቀቂ፤ በእነሱ መዘለል ብቻ "ዘገየብኝ" ብለው የሚደነግጡ አሉ።

ደረጃ 2፦ መዝገቡን አንብቢ

ከሁለት ዙር በኋላ ደብተሩን ዘርግተሽ ተመልከቺ። ምልክቶቹ የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ እየመጡ፣ ደም ከታየ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚለቁሽ ከሆነና በመካከሉ ቢያንስ አንድ ሳምንት ደህና የምትሆኚ ከሆነ፣ ነገሩ ቅድመ ወር አበባ ሕመም መሆኑ አይቀርም።

ድካሙና ትካዜው ወሩን ሙሉ የማይለቅሽ ከሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር ወይም ድብርት። የወር አበባሽ ከዘገየም ማንኛውንም መድኃኒት ከመጀመርሽ በፊት የእርግዝና ምርመራ አድርጊ።

ደረጃ 3፦ ከገበታሽ ጀምሪ

በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር እንሰት፣ ቡናና ዛፍ አንድ ላይ የሚበቅሉበት ነው። ለዚህ ሕመም የሚበጅ ምግብም ከዚያው ጓሮ ይገኛል።

ለቅድመ ወር አበባ ሕመም ከተፈተኑት ንጥረ ነገሮች ሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ካልሲየም ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የታተመ ጥናት 466 ሴቶችን ተከታትሏል። በቀን 1200 ሚሊ ግራም ካልሲየም የወሰዱት በሦስተኛው ዙር ምልክታቸው በ48 በመቶ ቀነሰ። መድኃኒትነት የሌለው ክኒን የተሰጣቸውም ቢሆኑ 30 በመቶ ቀንሶላቸዋል። ተስፋ ብቻውን ይህን ያህል ስለሚያቀል፣ በአንድ ወር መሻል ብቻ "ይሄ ነው መድኃኒቱ" ብለሽ አትወስኚ።

አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ይሰጣል። ጎመን፣ ጤፍና ቆጮም አላቸው። ቆጮ ኃይል ቢሰጥም ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለሆነ ብቻውን አትብዪው፤ ከጎመንና ከባቄላ ወይም ከሽምብራ ጋር አድርጊው። ሽምብራና ሙዝ ቫይታሚን ቢ6 አላቸው፤ የዱባ ፍሬ፣ ባቄላና አቦካዶ ማግኒዚየም አላቸው። ወተት በማይጠጣበት የጾም ወቅት ጎመንና ጥራጥሬውን አብዢ።

በእነዚያ ቀናት ጨው ቀንሺ፤ ጨው ውኃ በሰውነት ውስጥ ስለሚይዝ መነፋቱን ያብሳል። ቡና በጨው መጠጣት የለመድሽ ከሆነ መቀነሱን ከዚያው ጀምሪ። ረኃብ ብስጭት ስለሚጨምር፣ አንድ ጊዜ አብዝቶ ከመብላት በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ መብላት ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ቡናውን በዘዴ ጠጪ

በቡና አገር ተወልዶ "ቡና ተዪ" መባል ከባድ ነው። ደግሞም ቡና ይህን ሕመም ያመጣል የሚል የተረጋገጠ ነገር የለም። ካፌይን ግን እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ያጣች ሴት ደግሞ ሁሉም ነገር ይከብዳታል። ስለዚህ፦

• ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቡና አትጠጪ። ከቡና ቅጠል የሚፈላውም ካፌይን አለው።
• ጎረቤት ከጠራሽ አትቅሪ። አቦሉን አሳልፈሽ በረካውን ጠጪ፤ ያው ቡና በድጋሚ ስለሚፈላ በረካው ቀለል ያለ ነው።
• በአንድ ቀን አታቁሚ፤ ራስሽን ያምሻል። በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ቀንሺ።
• ከምግብ ጋር አትጠጪ። ቡናና ሻይ ከምግብ የሚገኘውን ብረት ስለሚያስቀሩ ቢያንስ አንድ ሰዓት አሳልፊ።

ደረጃ 5፦ ዝንጅብልና ሙቀት

የአውራ ጣት ያህል እርጥብ ዝንጅብል አጥበሽ ቁረጪ፤ በሁለት ኩባያ ውኃ 10 ደቂቃ አፍልተሽ አጥልዪ። ማር ልትጨምሪበት ትችያለሽ። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ኩባያ ጠጪ። በኢራን በተደረገ አንድ አነስተኛ ጥናት ሴቶቹ ዝንጅብሉን በክኒን መልክ የወሰዱት የወር አበባ ከመምጣቱ 7 ቀን በፊት ጀምረው እስከ 3 ቀን በኋላ ነበር፤ ምልክቱ ቀሎላቸዋል። አንቺም ከደብተርሽ ቆጥረሽ በዚያው ጊዜ ጀምሪ። ጨጓራ ካለብሽ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ተዪው።

ለወገብና ለሆድ ሕመም ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ሞልተሽ፣ ክዳኑን አጥብቀሽ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከእምብርት በታች 20 ደቂቃ ያዢ። ውኃው የፈላ አይሁን፤ ጠርሙሱንም ያለ ጨርቅ ገላሽ ላይ አታድርጊ።

ደረጃ 6፦ እንቅስቃሴና ዕረፍት

ቁጭ ብላ ለምትውል ሴት የሚመከረው በሳምንቱ አብዛኛዎቹ ቀናት 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። በዲላ ቢሮ ውላ ለምትገባ ሠራተኛ ወይም ለተማሪ ይህ በቂ ነው።

ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ቡና ስትለይ ለምትውል ሴት ግን የሚጎድላት ዕረፍት ነው። በየሰዓቱ ከቡናው አልጋ ዳር ቀና ብለሽ እጅሽን ወደ ላይ ዘርጊ፣ ወገብሽን ቀስ ብለሽ አዙሪ። ማታ በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበቶችሽን ወደ ደረትሽ ስበሽ ለአምስት ደቂቃ በረጅሙ ተንፍሺ። በነዚያ ቀናት ከወትሮው አንድ ሰዓት ቀድመሽ ለመተኛት ሞክሪ።

ደረጃ 7፦ ለቤትሽ ሰው አስቀድመሽ ንገሪ

"ከሐሙስ ጀምሮ ጥቂት ቀን ይከብደኛል፤ ማታ ልጆቹን አንተ አስተኛልኝ" ብሎ ለባል መንገር፣ ወይም ለእናትና ለእህት ማዋየት፣ ቁጣው ከመጣ በኋላ ይቅርታ ከመጠየቅ ይቀላል። ከባድ ውሳኔና የቆየ ጠብ ካለም ከነዚያ ቀናት አሳልፊው።

ደረጃ 8፦ አንድ በአንድ ፈትኚ

ገበታውን፣ ቡናውንና ዕረፍቱን አስተካክለሽ ካልበቃሽ ተጨማሪ ነገር አንድ ብቻ ምረጪና ሁለት ወይም ሦስት ዙር ሞክሪ። ነጥቦቹን ከመጀመሪያው ደብተርሽ ጋር አስተያዪ። ከቀነሰ ቀጥዪ፤ ካልቀነሰ ተዪውና ሌላውን ሞክሪ። አምስት ነገር ባንዴ ከጀመርሽ ግን የረዳሽንም የጎዳሽንም አታውቂም።

የካልሲየም ክኒን ከፈለግሽ ፋርማሲስት አማክሪ። የኩላሊት ጠጠር ላለባት አይመከርም፤ ከብረት ክኒን ጋርም በአንድ ሰዓት አይወሰድም። ቫይታሚን ቢ6 ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲወሰድ ነርቭ ስለሚጎዳ ያለ ባለሙያ ምክር በክኒን አትውሰጂው።

ልትጠነቀቂላቸው የሚገቡ

ጤና አዳም፦ በቡና ላይ ጣል የምትደረግ ቅጠል ሌላ ነገር ናት። አብዝቶ አፍልቶ መጠጣት ግን አደገኛ ነው፤ ማሕፀን ስለሚያኮማትር ነፍሰ ጡር ወይም ልታረግዝ የምትችል ሴት ፈጽሞ አትጠጣው።

ሴንት ጆንስ ዎርት፦ ዘመድ ከውጭ ከሚልካቸው ክኒኖች አንዱ ነው። በክንድ የሚቀበረውንና በክኒን የሚወሰደውን የወሊድ መቆጣጠሪያ ያዳክማል፤ የኤችአይቪ መድኃኒትንም እንዲሁ። እነዚህን የምትጠቀም ሴት አትንካው።

ቫይቴክስ፦ ይህ ዕፅ በአንዳንድ ጥናቶች ረድቷል። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ግን አይሆንም።

ኢቭኒንግ ፕራይምሮዝ፦ ይህ ዘይት በደንብ በተሠሩ ጥናቶች መድኃኒትነት ከሌለው ክኒን ስላልበለጠ ገንዘብሽን አታውጪበት።

ወደ ጤና ተቋም የምትሄጂው መቼ ነው?

ምልክቱ ከሥራ ወይም ከትምህርት የሚያስቀርሽ፣ ትዳርሽን የሚያናጋ፣ ወይም ሦስት ዙር ሞክረሽ ያልቀለለሽ ከሆነ ደብተርሽን ይዘሽ ሂጂ። በቀበሌሽ ጤና ኬላ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አነጋግሪ፤ እሷ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም ዲላ ወዳለው ሆስፒታል ትመራሻለች። ጥቂት ሴቶችን የሚይዝ ከባድ ዓይነት አለ፤ ለእሱም በደንብ የሚሠሩ መድኃኒቶች አሉ።

ራስሽን የመጉዳት ወይም የመሞት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀን አትቁጠሪ። በዚያው ቀን ለምታምኚው ሰው ተናግረሽ አብራችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቅሽ "መቼ ይጀምርሻል? መቼ ይለቅሻል?" ብሎ ነው። መልሱ በእጅሽ እንዲኖር ደብተሩን ዛሬ ማታ ጀምሪው።