የመብራት መስፈሪያ

ገበያ ወጥታችሁ ቅቤ ስትገዙ ታሸታላችሁ፤ ስንጥር ሰዳችሁም ውስጡን ታያላችሁ። መብራት የሚገዛ ሰውስ ጥሩነቱን በምን ያውቃል?

ይህ ጥያቄ የዛሬ 160 ዓመት ገደማ በእንግሊዝ ዋና ከተማ በለንደን ብዙ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ያን ጊዜ መንገዱም ቤቱም የሚበራው በጋዝ ነበር። ጋዝ ስንል ኩራዝ ውስጥ የምንጨምረው ፈሳሽ አይደለም፤ እንደ አየር ያለ፣ በእጅ የማይጨበጥ ነገር ነው። የድንጋይ ከሰል በተዘጋ ብረት ውስጥ ሆኖ ሲግል ይወጣል። አጥርተው፣ ከመሬት ሥር በተቀበረ ቧንቧ ወደየቤቱ ይሰዱት ነበር።

ቆጣሪው የሚናገረው የገባውን ጋዝ ብዛት ብቻ ነው። ጋዙ ደካማ ከሆነ ቤቱ ይጨልማል፤ ሒሳቡ ግን ያው ነው። በዚያ ላይ በ1850ዎቹ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኩባንያዎቹ ከተማውን ሰፈር በሰፈር ተከፋፈሉት። ገዢው ተናዶ ወደ ሌላ ሻጭ ልሂድ ቢል መሄጃ የለውም!

በ1860 ሕግ ወጣ። ተራው ጋዝ በሰዓት 5 ኪዩቢክ ጫማ ሲነድ፣ ማለት ሰባት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያህል፣ የ12 ሻማ ብርሃን መስጠት አለበት ተባለ። በኋላ ወደ 16 ሻማ ከፍ አለ። ሻማውም እንዲያው የተገኘው አይደለም። ከዓሣ ነባሪ ራስ በሚወጣ ስብ የተሠራ፣ በሰዓት 8 ግራም የማይሞላ የሚነድ መሆን ነበረበት።

አለካኩ እንዲህ ነው። ወረቀት ላይ ቅቤ ጠብ ሲል ቦታው ብርሃን ያሳልፋል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀቱን በሻማውና በጋዙ መብራት መካከል ያቆሙታል። ከኋላ ያለው ብርሃን ከበረታ ጠብታው ደምቆ ይታያል፤ ከፊት ያለው ከበረታ ይጠቁራል። ወዲያና ወዲህ ሲያደርጉት ብርሃኑ ከሁለቱም ወገን እኩል የሚሆንበት ቦታ ላይ ጠብታው ይጠፋል። ይህን ዘዴ ያወጣው ቡንዘን የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ ነው።

ከዚያ ርቀቱን መለካት ነው። ወረቀቱ ከሻማው 1 ክንድ፣ ከጋዙ 4 ክንድ ቢርቅ ጋዙ የስንት ሻማ ነው? እኔ መጀመሪያ ስማር 4 መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ 16 ነው። ብርሃን ሲርቅ ወደ ጎንም ወደ ላይም ስለሚሰፋ፣ 4 በ4 ይባዛል።

ትልቁ ነገር ግን መስፈሪያውን ማን ይያዝ የሚለው ነበር። በ1868 በወጣ ሕግ የአለካኩን ደንብ የሚወስኑ የጋዝ ዳኞች ተሾሙ። የሚለኩትም የኩባንያው ሰዎች ሳይሆኑ ሌሎች መርማሪዎች ሆኑ፤ ጋዙ ከተወሰነው ሲያንስ ኩባንያው ይቀጣል።

ሻማው ራሱም ቢሆን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይነድም ነበር። ስለዚህ በ1898 ለንደን ሻማውን ትታ የ10 ሻማ ብርሃን በሚሰጥ የፔንቴን ፋኖስ መለካት ጀመረች።