"ከፍያለሁ" ማለት ብቻ አያድንም
(ስለ ባቡርና አውቶቡስ ቅጣት የተዘጋጀ ትምህርት)

በዚህ ወር የምንማረው ስለ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነው። ርዕሱ ቀላል ሊመስል ይችላል። ግን እዚህ ዱባይ አውቶቡስ ወይም ሜትሮ ውስጥ ሳይከፍሉ መገኘት ቅጣቱ 200 ድርሃም ነው። 200 ድርሃም ለአንዳንድ ቱሪስት የአንድ ምሳ ዋጋ ይሆናል። ለእኛ ግን የስንት ቀን ድካም እንደሆነ እያንዳንዳችን እናውቀዋለን፤ ለእናት የሚላክ ገንዘብ ነው። ቱሪስቶች ከተቆጣጣሪ ጋር ለምን እንደሚጣሉ ብናውቅ፣ በሰው ከደረሰው ተምረን ራሳችንን እንጠብቃለን። ክረምት ላይ ከማዳም ጋር ወደ አውሮፓ የምትሄዱም ስላላችሁ መጨረሻ ላይ ስለዚያ ጥቂት እንላለን።

1. ቱሪስቱ ሌባ ሳይሆን ለምን ይቀጣል?

አገር ቤት የለመድነው አሠራር ሌላ ነው። ሚኒባስ ላይ ረዳቱ "ሂሳብ!" ይላል፣ እንከፍላለን፣ አለቀ። አንበሳ አውቶቡስ ላይም ቲኬት ቆራጩ ቁጭ ብሎ ይቆርጥልናል። ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚሄድ ማን እንደከፈለ፣ ማን እንዳልከፈለ ይታወቃል።

የዱባይ ሜትሮ ግን እንዲህ አይደለም። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 2009 (በእኛ ጳጉሜ 4 ቀን 2001 ዓ.ም.) ነው። ባቡሩ ሾፌር እንኳ የለውም። ኖል የሚባለውን ካርድ ስንገባ እናስነካለን፣ ስንወጣም እናስነካለን። ተቆጣጣሪው ሲመጣ በእጁ በያዛት ማሽን ካርዱን ያነባል። ማሽኗ የምትናገረው "ይህ ካርድ ለዚህ ጉዞ ተነክቷል" ወይም "አልተነካም" የሚለውን ብቻ ነው። የሰውየውን ልብ አታይም፣ ኪሱ ውስጥ ስንት ብር እንዳለም አታውቅም።

እንግዲህ ጠቡ የሚነሳው ከዚህ ነው። ቱሪስቱ "ካርድ ገዝቻለሁ፣ ገንዘብ ሞልቻለሁ፣ ምን አጠፋሁ?" ይላል። ተቆጣጣሪው ደግሞ "ካርድ መግዛት ሌላ፣ ለዚህ ጉዞ መክፈል ሌላ" ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ነው፤ ደንቡ ግን የሚቆመው ከተቆጣጣሪው ጋር ነው። ዋናው ትምህርታችን ይሄ ስለሆነ በደንብ ያዙት።

2. ብዙ ጊዜ የሚያጣሉ ነገሮች

ሀ/ አውቶቡስ ላይ አለማስነካት። ሜትሮ በር ስላለው ካርድ ሳይነካ አያሳልፍም። አውቶቡስ ግን በሩ ክፍት ነው። ሰው ሲበዛ ተገፍተን ገብተን ማሽኑን ሳንነካ እንቀመጣለን። ካርዱ ላይ 50 ድርሃም ቢኖርም ያልተነካ ካርድ እንዳልተከፈለ ይቆጠራል፤ ቅጣቱም ያው 200 ድርሃም ነው። ስለዚህ ከመቀመጥ በፊት ማስነካት፣ ድምፁንም መስማት ያስፈልጋል። ስትወርዱም አትርሱ፤ ካልነካችሁ ማሽኑ ሩቅ እንደሄዳችሁ ቆጥሮ ብዙ ሂሳብ ሊቆርጥ ይችላል።

ለ/ ቀይ ቲኬት። ለጥቂት ቀን የመጣ ቱሪስት የሚገዛው ከወረቀት የተሠራውን ቀዩን ኖል ነው። ይሄ ቲኬት በአንድ ጊዜ ለአንድ ዓይነት መጓጓዣ ብቻ ነው የሚሠራው። ለሜትሮ የተሞላውን ይዞ አውቶቡስ ላይ ቢወጣ አይሆንም። ከተማው ደግሞ በዞን የተከፋፈለ ስለሆነ ለአንድ ዞን ከፍሎ ሦስተኛው ዞን ላይ መውረድ አይቻልም። እኛ በእረፍት ቀናችን የምንጠቀምበት የብሩ (ሲልቨር) ካርድ የሄድንበትን ቆጥሮ ራሱ ስለሚቆርጥ ይሻለናል።

ሐ/ የተለየ ክፍል። ሜትሮው የወርቅ (ጎልድ) ክፍል አለው፤ ዋጋው የመደበኛው እጥፍ ነው። መደበኛ ካርድ ይዞ እዚያ የገባ፣ ቆሞም ቢሆን፣ ይቀጣል። የሴቶችና የሕፃናት ክፍልም አለ። እንበልና አንድ ቱሪስት ከሚስቱ ጋር ገብቶ ከመስመሩ አልፎ ቆመ። ተቆጣጣሪው ሲይዘው "ሚስቴ እኮ አጠገቤ ናት!" ይላል። ክፍሉ ለሴቶች እንጂ ለባለትዳሮች አይደለም፤ 100 ድርሃም ይቀጣል። እናንተም ከወንድም ወይም ከአገር ልጅ ጋር ስትሄዱ ይህን አስታውሱት።

መ/ የሰው ካርድ። ይሄኛው ከቱሪስት ይልቅ እኛን ይነካል። ሰማያዊው ኖል የባለቤቱ ስምና ፎቶ ያለበት ነው። ተማሪዎችና አረጋውያን በቅናሽ የሚሄዱበትም በእሱ ነው። ማዳም ለደግነት ብላ "የልጄን ካርድ ይዘሽ ሂጂ" ብትል፣ በአክብሮት "አመሰግናለሁ፣ የራሴን እይዛለሁ" በሉ። በሌላ ሰው ስም የወጣ ካርድ መጠቀም 200 ድርሃም ያስቀጣል። ያን ጊዜ ተቆጣጣሪው ፊት የምትቆመው ማዳም ሳትሆን እናንተ ናችሁ።

ሠ/ ልጆች። ዕድሜው ከ5 ዓመት በታች ወይም ቁመቱ ከ90 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ በነፃ ይሄዳል። ከዚያ በላይ የሆነ ካርድ ያስፈልገዋል። የማዳምን ልጆች ይዛችሁ ስትወጡ ካርዳቸውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብስኩትና ጁስም ከሜትሮው ውጪ ይጨርሱ፤ ውስጥ መብላትና መጠጣት 100 ድርሃም ነው። እግር ወንበር ላይ መስቀልም እንዲሁ 100 ነው።

3. ክርክሩ ከቅጣቱ የሚብሰው መቼ ነው?

200 ድርሃም ይከፈላል፣ ያልፋል። ነገር የሚከፋው በአፍ ነው። በአገራቸው ከሠራተኛ ጋር መጯጯህ የለመዱ ቱሪስቶች እዚህም ይጮሃሉ፣ ይሳደባሉ፣ ጣት ያሳያሉ። በኢማራት ሕግ ስድብ ራሱ ወንጀል ነው፤ በሥራው ላይ ያለን የመንግሥት ሠራተኛ መስደብ ደግሞ የባሰ ነው። ስልክ አውጥቶ ተቆጣጣሪውን "እቀርጽሃለሁ" ማለትም አደገኛ ነው፤ ሰውን ያለ ፈቃዱ መቅረጽ በሕግ ያስጠይቃል። የ200 ድርሃም ጉዳይ በዚህ መንገድ ፖሊስ ጣቢያ ይደርሳል።

እህቶች፣ ቱሪስቱ ቢበዛ ዕረፍቱ ይበላሽበታል። እኛ ግን ክስ ከተከፈተ ሥራችንም መኖሪያችንም አብሮ ይነካል፤ ጉዳዩ እስኪያልቅ ወደ አገር መውጣትም ሊከለከል ይችላል። ሆድ ቢብስም፣ ዓይን እንባ ቢሞላም፣ ምላስን መያዝ ይሻላል። ይህ መፍራት አይደለም፤ መብትን ለሚሰማ ቦታ ማቆየት ነው።

4. ቢይዙን ምን እናድርግ?

• በመጀመሪያ ካርዱን እንስጥ። ካርዱን አላሳይም ማለት ራሱ 200 ድርሃም ያስቀጣል።
• ቀስ ብለን በአጭሩ እናስረዳ፦ "ነክቻለሁ፣ ማሽኑ አልሠራም" ወይም "ሂሳብ አለው፣ እባክህ እየው"። ውሸት አንጨምር። ማሽኗ የተነካበትን ሰዓት ታሳያለችና ውሸቱ ወዲያው ይታወቃል።
• መታወቂያውን እንይ። እውነተኛ ተቆጣጣሪ የሥራ መታወቂያ አለው።
• ያለ ደረሰኝ ጥሬ ገንዘብ አንስጥ። "50 ስጪኝና ልተውሽ" የሚል ካለ እሱ ቅጣት አይደለም። የቅጣቱን ወረቀት ተቀብለን ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመስመሩን ቁጥር እንጻፍበት።
• በደል ካለ በኋላ አቤት እንበል። ማሽን ይሳሳታል፣ ሰውም ይሳሳታል፤ ለዚህ ነው የመንገድና ትራንስፖርት ባለሥልጣኑ (አር ቲ ኤ) ቅሬታ የሚቀበለው። ስልኩ 800 9090 ነው። የቅጣቱ ወረቀት ከሌለ ግን አቤቱታው ባዶ ቃል ይሆናል።
• መታወቂያችን በእጃችን ይሁን። ተቆጣጣሪው መታወቂያ ሲጠይቅ "ማዳም ዘንድ ነው" ማለት ነገር ያበዛል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውም፣ በ2022 የተተካውም የኢማራት የቤት ሠራተኞች ሕግ መታወቂያ ሰነዶቻችንን ራሳችን እንድንይዝ መብት ይሰጠናል። ማዳምን በጥሩ ሰዓት፣ በጥሩ ቃል ጠይቋት።

5. ከቤተሰቡ ጋር ወደ አውሮፓ ለምትሄዱ

በርሊን ከተማ ባቡር ጣቢያው በር የለውም፤ ማንም ዝም ብሎ ይገባል። ግን የወረቀት ቲኬት ከተገዛ በኋላ ጣቢያው ላይ ባለው ትንሽ ማሽን ማስመታት ያስፈልጋል። ቱሪስቶች "ይኸው ዛሬ ገዝቼዋለሁ" ብለው የሚከራከሩት ይህን ሳያውቁ ነው። ያልተመታ ቲኬት ነገም ከነገ ወዲያም ሊሠራ ስለሚችል እንዳልተከፈለ ይቆጠራል፤ ቅጣቱ 60 ዩሮ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ብዙ ጊዜ የሚለብሱት ተራ ልብስ ነው፤ ስለዚህ መታወቂያ ማየት እዚያም ይጠቅማል።

ለንደን ላይ ደግሞ በባንክ ካርድ ማስነካት ይቻላል፤ ነገር ግን አንድ ካርድ ለአንድ ሰው ነው። ማዳም አስነክታ ካለፈች በኋላ በዚያው ካርድ እናንተን ማሳለፍ አይቻልም። ተከትላችሁ በር ሥር ሹልክ አትበሉ፤ "ለእኔም ካርድ ያስፈልገኛል" በሉ። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ የከተማው ቅጣት 100 ፓውንድ ነው፤ በ21 ቀን ውስጥ ለከፈለ 50 ይሆናል።

ለመወያያ ጥያቄዎች

1. ካርድ መግዛትና ለጉዞው መክፈል ልዩነታቸው ምንድን ነው?
2. ማዳም የልጇን ካርድ ብትሰጠን ሳናስቀይማት እንዴት እንመልሳለን? ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተለማመዱት።
3. ሳያጠፋ የተቀጣ ሰው እዚያው ቢጮህና በኋላ በወረቀት አቤት ቢል፣ የትኛው ገንዘቡን ሊያስመልስለት ይችላል? ለምን?

ይህን ወረቀት ካነበባችሁ በኋላ አዲስ ለመጣች እህት ስጧት። የዕረፍት ቀን ያላገኘችም ብትሆን ልጆች ይዛ መውጣቷ አይቀርምና ይጠቅማታል። በሰላም ውላችሁ በሰላም ግቡ።